ልዩ ልዩ የሚሸጥበት ሱቅ

ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ
ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሕዝቅያስ አለሙ
ዱባይ

ጤናህን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። እኔ ጉልበቴ ከዝናቡ ጋር ተጣልቶ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት የደም ግፊቴን የለካችኝ ነርስ «ከእኔ ይሻላሉ» ብላኛለች። ይህን የምነግርህ ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ታምሜ ወይም ጃጅቼ እንዳይመስልህ ነው። ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት፣ በሙሉ ጤንነቴ።

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። በስልክ ግን «እሺ እማዬ፣ እሺ» ትለኝና ኔትወርኩ ይቆረጣል፤ የሚቆረጠውም ሁልጊዜ እኔ ስናገር ነው። የጎረቤታችን ልጅ ፌቨን እረፍቷን ጨርሳ ቅዳሜ ወደዚያው ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ፖስታውን በሙጫ አሽጌ በእጇ እሰጣታለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

የላክኸው የወጪ ሰንጠረዥ ደርሶኛል። የአክስትህ ልጅ ወንጌላዊት በስልኳ ብታሳየኝ በጣት እየተገፋ የሚሸሽ ሒሳብ አላነብም ብዬ አሳትሚው አልኳት። ቀዩን በቀይነቱ እንዳየው በቀለም አሳተመችው፤ ሠላሳ ብር አስከፈሏት። ሠላሳውን ብር እኔ ሰጠኋት። ይህ በየትኛው ረድፍ እንደሚገባ አንተ ታውቃለህ።

በመጀመሪያ ስለ ፊደሉ። «ወጪ» እንጂ «ወጭ» ተብሎ አይጻፍም። አራት ቦታ አርሜልሃለሁ።

ስድስት ረድፍ ሠርተሃል፤ ምግብ፣ መብራትና ውሃ፣ መድኃኒት፣ መጓጓዣ፣ ስልክ፣ በመጨረሻም ልዩ ልዩ። የግንቦት ገቢዬ አሥራ ስድስት ሺ ሁለት መቶ ስልሳ ብር ነው፤ አራት ሺ ሁለት መቶ ስልሳው ጡረታዬ፣ አሥራ ሁለት ሺው አንተ የላክኸው። ወጪውም ልክ ያንኑ ያህል። እዚህ ድረስ ድምሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በልዩ ልዩ ረድፍ ስድስት ሺ ሦስት መቶ ሃያ ብር ተጽፎ ቀይ ተቀብቷል፤ ከጎኑም «እማዬ ይሄ ምንድን ነው? ከመቶ ሠላሳ ዘጠኝ! ከመቶ አምስት መብለጥ የለበትም» ብለሃል። ከታች ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ገንዘቡ በወንጌላዊት ስም እንደሚገባ፣ እሷም በየቅዳሜው ቆጥራ እንደምትሰጠኝ ወስነሃል። ወስነሃል እንጂ አልጠየቅህም።

እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ መዝገብ ይዤ አሳልፌዋለሁ። ኦዲተር መጥቶ መዝገቤን ዘግቶ «አመሰግናለሁ ወይዘሮ ሐና» ብሎ ከመሄድ በቀር ሌላ ነገር ተናግሮኝ አያውቅም። ወንጌላዊት የእህቴ ልጅ ናት፣ እወዳታለሁ፣ ባንክ ቤት መሥራቷም ያኮራኛል። ነገር ግን የሳሙና መግዣ ከእሷ እጅ በየሳምንቱ አልቀበልም። መልሴ ይኸው ነው። የቀረው የደብዳቤው ክፍል ምክንያቱ ነው።

ሰንጠረዡ እንዴት እንደተሞላ ልንገርህ። ወንጌላዊት አራት ቅዳሜ እየመጣች ከመዝገቤ ሳነብላት በስልኳ ጻፈች። በመጀመሪያው ቅዳሜ እድር ላይ ስንደርስ ጣቷ ቆመ።

«አክስቴ፣ ይሄን የት ላስገባው?»

«በእድር ረድፍ።»

«እድር የሚል ረድፍ የለም እኮ።»

«እንግዲያው ጨምሪያ።»

«ሕዝቅያስ ቆልፎታል። ረድፍ መጨመር አይቻልም። ልዩ ልዩ ውስጥ ልክተተው።»

ከዚያ አስራቱን አነበብኩላት። «ልዩ ልዩ» አለች። እቁቡን አነበብኩ። «ልዩ ልዩ።» የእነ እማማ ሶፍያን ለቅሶ አነበብኩ። «እሱም እዚያው ነው አክስቴ።» ይሄኔ መነጽሬን አወለቅሁ። «ወንጌላዊት፣ እኔ ስሞት የት ነው የምታስገቢኝ?» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አንተ በስሙ ረድፍ የሰጠኸው ለሆዴ፣ ለክኒኔ፣ ለመብራቴና ለስልኬ ብቻ ነው። ከሰው ጋር የምኖርበትን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከተህ ቀይ ቀብተኸዋል።

ልዩ ልዩ የሚለውን ቃል የማልወደው ዛሬ አይደለም። ይርጋዓለም በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ በየወሩ አንድ ብር ከሃምሳ ይሰጠን ነበር፤ ያወጣነውንም እያንዳንዳችን በደብተር እንድንጽፍ እንገደድ ነበር። ሒሳብ ያስተማሩን መምህር ዮሐንስ ይባሉ ነበር። ወር በገባ ቁጥር ደብተሩን ይሰበስባሉ። አንድ ወር ላይ «ልዩ ልዩ፣ አሥራ አምስት ሳንቲም» ብዬ ጻፍኩ። በክፍሉ ፊት አስነሡኝ።

«ሐና ኩማ፣ ልዩ ልዩ የሚባል ዕቃ የሚሸጠው በየትኛው ሱቅ ነው? ንገሪኝና እኔም ሄጄ ልግዛ።»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው እስክመልስ ደብተሬን ይዘው ጠበቁ። በመጨረሻ አሥሩ ሳንቲም ለፀጉር ሪባን፣ አምስቱ ለከረሜላ መሆኑን ተናገርኩ። «እንግዲያው ሪባን ብለሽ ጻፊ፣ ከረሜላ ብለሽ ጻፊ። ከረሜላ እንዳትበዪ ማን ከለከለሽ?» አሉኝና እንድቀመጥ ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማንኛውም መዝገቤ ላይ ይህ ቃል ገብቶ አያውቅም። አሁን በሰባ አራት ዓመቴ የገዛ ልጄ አስገባብኝ።

ስለዚህ ከረጢቱን እንፍታው። ብዕር ያዝ።

አንድ ሺ ስድስት መቶ ሃያ ስድስት ብር አስራት ነው። ልክ አንድ አሥረኛ ነው፤ አካፍለህ ማየት ትችላለህ። ከአንተም ገንዘብ አወጣለሁ፣ ምክንያቱም አንተ እዚያ መክፈልህን አላረጋገጥኩም። ሁለት መቶው የሁለት እድር ነው፤ የሰፈሩና የቤተ ክርስቲያን ሴቶች። አባትህ ባረፈ ጊዜ ከአውሮፕላን ወርደህ ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ሦስት መቶ ሰው በልቶ ነበር። የከፈልከው ነገር ነበር? አልነበረም። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት በየወሩ ስከፍለው የነበረ ነው። አንድ ሺው እቁብ ነው። እቁብ ወጪ አይደለም ልጄ፤ ከአንዱ ኪሴ ወደ ሌላው ኪሴ የሚሄድ ገንዘብ ነው፤ አንተ ግን ሲገባ ወጪ ብለህ ጻፍክ፣ ሚያዝያ ላይ ዕጣው ደርሶኝ ሃያ አራት ሺ ብር ሲወጣልኝ ደግሞ የትም አልጻፍከውም። በእኔ መሥሪያ ቤት እንዲህ የጻፈ ሰው ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሮ ፋይል ይሸከም ነበር።

ስድስት መቶ አርባው ሦስት ለቅሶና አንድ የታመመ መጠየቂያ ነው። መቶ ሃምሳው የሰፈሩ ዘበኛ ነው። አራት መቶ ሰማንያው ደግሞ ወንጌላዊት በአራቱ ቅዳሜ የበላችው ዓሣ ነው፤ እንግዳ ሆና መጥታ ሽሮ አላቀርብላትም። እንግዲህ ወጪዬን ለመቀነስ ያወጣሁት ወጪ ነው ማለት ነው። አንድ ሺ ዘጠኝ መቶው ለቀለምና ለበር ቁልፍ ነው፤ ስለ እሱ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

የቀረው ሦስት መቶ ሃያ አራት ብር ነው። ይህ የማክሰኞ ነው። በየማክሰኞው ጠዋት ሐይቅ ዳር ወርጄ ውሃውን ፊት ለፊት ከሚያየው ጠረጴዛ ላይ ለብቻዬ ተቀምጬ አንድ ማኪያቶ እጠጣለሁ። ማኪያቶው አርባ አምስት፣ ባጃጁ ደርሶ መልስ ሠላሳ ስድስት፣ በአራት ማክሰኞ አባዛው። የሚወስደኝ አሸናፊ የሚባል ባለባጃጅ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«ማዘር፣ ሰውዬው ዛሬም ቀድሞዎት መጥቷል?» ይለኛል።

«የትኛው ሰውዬ?»

«በየማክሰኞው ሽቶ ተቀብተው የሚሄዱለት ነዋ።»

«አንተ መንገዱን ተመልከት። ሰውዬው ይጠብቃል።»

ይህን ወጪ ለማንም አላስረዳም። ማኪያቶ ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ማኪያቶ ነው።

ደግሞ በመስከረም ወር ሥር «አንድ ሺ አንድ መቶ ብር ጉድለት፤ የት ገባ?» ብለህ ሁለተኛ ቀይ ቀብተሃል። ሰንጠረዥህ አሥራ ሁለት ወር አለው። እኔ የምኖርበት አገር አሥራ ሦስት ወር አለው። የነሐሴ ጡረታ ከተከፈለኝ በኋላ የመስከረሙ እስኪመጣ ሠላሳ አምስት ቀን ነው። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፣ ጡረታ የላትም፤ ሰው ግን በአምስቱም ቀን ይበላል። አባትህ ነሐሴ በገባ ቁጥር «የጳጉሜን» ብሎ የጻፈበትን ፖስታ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጥ እንደነበር ረሳኸው? አምስት ቀን ሙሉ በልቼ ነው የጎደለው። ቀዩን አጥፋው።

እንግዲህ የእኔን ገንዘብ መግቢያና መውጫ ጨረስን። አሁን ደግሞ በሌላኛው ገጽ ስላለው እጽፋለሁ። መዝገብ ሁለት ገጽ አለው፤ አንተ የወጪውን ብቻ ነው የመረመርከው። እኔ የገቢውንም እመረምራለሁ።

ገንዘብህ አምስት ዓመት ያህል በፈረንጆች ወር በሃያ ስምንተኛው ቀን ይደርሰኝ ነበር። ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል፤ አንድም ጊዜ አልተዛነፈም። መጋቢት ላይ አሥር ቀን ዘገየ። ሚያዝያ ላይ ለሁለት ተከፍሎ መጣ፤ መጀመሪያ ሰባት ሺ፣ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ አምስት ሺ። ግንቦት ላይ ባንክ ቤት ስሄድ ገንዘብ ከፋይዋ የላኪውን ስም ጠየቀችኝ። ሕዝቅያስ አለሙ አልኳት። አይደለም አለችኝ። ሦስት ጊዜ ከጠየቅኋት በኋላ «በረከት የሚል ነው እማማ፣ ያውቁታል?» አለችኝ። አውቀዋለሁ ብዬ ዋሸሁ። ለገንዘብ ስል ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ድሮ የምትደውለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ፣ በእኛ አራት ሰዓት ላይ ትደውላለህ። «ቢሮ ነኝ፣ እረፍት ላይ ነኝ» ትለኛለህ። ቢሮህ የስልክ ጥሪና የሰው ጫጫታ ነበረበት፤ አሁን የአየር ማቀዝቀዣ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ሳለ በምስል ደወልክልኝ። ስልኩን ቶሎ ወደ ፊትህ ብታስጠጋውም ከጀርባህ የብረት መሰላል አይቻለሁ። ተደራራቢ አልጋ ነው። እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የተደራራቢ አልጋ መሰላል አያመልጠኝም።

ምን እንደሆነ አልጠይቅህም። ወንጌላዊትም አታውቅም፤ ገንዘቡ የዘገየው በባንክ ችግር ነው ብያታለሁ። ብቻ ሰንጠረዡን ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ያ ሁሉ ቀይ እኔን ለመቆጣጠር እንዳልተቀባ ገባኝ። አሥራ ሁለት ሺውን ወደ ስድስት ሺ ለማውረድ ምክንያት ስትፈልግ ነበር። «አንሶብኛል፣ ይህን ያህል ብቻ እልካለሁ» ማለት ስላቃተህ እናትህን አባካኝ አደረግሃት።

ለዚህም እቆጣህ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ፤ ትናንት የጀመርኩት ደብዳቤ ዛሬ ያለቀው ለዚህ ነው።

አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። ስኳር ልኬህ ስትመለስ መልሱ ሁለት ብር ጎደለ። መንገድ ላይ ሳለህ ቆጥረህ ጉድለቱን ስላወቅህ ስኳሩን በር ላይ አስቀምጠህ ጠፋህ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፈለግንህ። አባትህ አሞራ ገደል ዓሣ ከሚያጸዱት ሰዎች ኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ አገኘህና በትከሻው ተሸክሞ አመጣህ። እግርህ ጭቃ ነበር፣ ከንፈርህ ደርቆ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የጠየቅኩህ «ሁለቱ ብር የት ገባ?» ብዬ ነው።

አባትህ «ሐና፣ መጀመሪያ ልጁን እቀፊው» አለኝ።

መጀመሪያ ሒሳቡን ጨረስኩ። ባለሱቁ ተሳስቶ ነበር። አንተ ምንም አላጠፋህም ነበር።

ሲጎድልብህ ከቤት መራቅን ያስተማርኩህ እኔ ሳልሆን አልቀርም። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን የወሰንኩትን ስማ። እንደ አንተ ሳልጠይቅ ነው የወሰንኩት።

ገንዘቡን ለወንጌላዊት አትላክ። ለእኔም አትላክ። ከሐምሌ ጀምሮ የሚመጣ ካለ አልቀበለውም፤ ባንክ ቤቱ ይቀመጥና በረከት የሚባለው ሰው መልሶ ይውሰደው። «ታዲያ በምን ትኖሪያለሽ?» እንዳትለኝ፣ ይህን የወሰንኩት ባዶ ኪሴን ይዤ አይደለም። ገንዘብህ በዘገየ በሳምንቱ መጋቢት ላይ ነው ቁጭ ብዬ አዲስ በጀት የሠራሁት።

ክፍልህን አከራየሁት። የእቁቡ ሃያ አራት ሺ የሄደው እዚያ ነው፤ በጓሮ በኩል የራሱ በር አስከፈትኩ፣ ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ አስገባሁ። ያ አንድ ሺ ዘጠኝ መቶ ብር ቀለሙና ቁልፉ ነው። መጻሕፍትህ በአራት ካርቶን ተከተው አልጋዬ ሥር ናቸው፤ ዝርዝራቸው በእያንዳንዱ ክዳን ላይ ተለጥፏል። ስድስት መጽሐፍ የሌላ ሰው ስም አለባቸው፤ ተውሰህ አልመለስክም።

ኪራዩ አራት ሺ ስምንት መቶ ነው። ከጡረታዬ ጋር ዘጠኝ ሺ ስልሳ ይሆናል። አስራቱን፣ እድሮቹን፣ እቁቡን፣ ዘበኛውን አስቀድሜ አነሣለሁ። መድኃኒቱ አንድ ሺ ስድስት መቶ አርባ ነው፤ አንድም ክኒን አልቀነስኩም፣ ስለዚህ በዚያ አታስፈራራኝ። ምግቡን ወደ ሦስት ሺ አራት መቶ አውርጄዋለሁ። ሥጋ በወር አንድ ጊዜ፣ ወተቱ በአንድ ቀን ልዩነት፤ ጎመኑን ግን ከጓሮዬ ነው የምቆርጠው። ለቅሶ ሦስት መቶ። መብራት፣ ውሃ፣ ስልክና የቀረው መጓጓዣ አንድ ሺ አንድ መቶ ሰማንያ። ባጃጁን አብዛኛውን ጊዜ ትቼ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ እሄዳለሁ፤ ነርሷም ይራመዱ ብላኛለች። ለጳጉሜን በየወሩ መቶ ብር በአባትህ ፖስታ ውስጥ እጥላለሁ። ሐይቅ ዳር ከአራት ማክሰኞ ወደ አንድ ወርዷል። አሸናፊ ሲሰማ «ተጣላችሁ እንዴ ማዘር?» አለኝ። ሁሉም ከተከፈለ በኋላ መቶ ሦስት ብር ይተርፋል። ልዩ ልዩ የሚል ረድፍ የለውም፣ ደግመህ ደምረው፣ ስህተት ካገኘህ ጻፍልኝ።

ተከራይዋ አስማ ትባላለች። የጅማ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በቤተ ሙከራ ተማሪዎችን ታስተምራለች። ሰኔ አንድ ገባች። ከቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት፣ ስሟን አልጽፍም፣ «እማማ ሐና፣ ሙስሊም አከራዩ አሉ፤ እውነት ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። «እውነት ነው፤ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣ መብራት ታጠፋለች። ያንቺ ልጅ ሁለቱንም አያደርግም» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም።

ውሉን ራሴ ነው የጻፍኩት፣ በእጅ ጽሑፌ፣ በሁለት ቅጂ፣ ስምንት አንቀጽ። አስማ እንደ ተማረ ሰው እያንዳንዱን መስመር አንብባ ነው የፈረመችው፤ ይህን ወድጄላታለሁ። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«እማማ ሐና፣ ይሄ ሰባተኛው ምን ማለት ነው?»

«ያነበብሽው ነው።»

ጮክ ብላ አነበበችው። «የአከራይዋ ልጅ አቶ ሕዝቅያስ አለሙ በማናቸውም ጊዜ ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ ተከራይዋ በሠላሳ ቀን ውስጥ ክፍሉን ትለቃለች።» ከዚያ ብዕሩን ያዝ አድርጋ፣ «መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

«ቀን አልተጻፈም።»

«ይመጣል ግን?»

«እሱም አልተጻፈም።»

አንቀጹን ደግማ አየችው። ልትከራከረኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ይህን አንቀጽ ካልተቀበለች ሌላ ተከራይ ልፈልግ ቆርጬ ነበር፣ ኪራዩ ስምንት መቶ ብር ቢቀንስብኝም።

«ሠላሳ ቀን በዛ» አለችኝ። «ልጅዎ መጥቶ ወር ሙሉ ሶፋ ላይ ይተኛል እንዴ? እኔ ጓደኞች አሉኝ፤ አሥራ አምስት ያድርጉት።»

ሠላሳውን በአንድ መስመር ሰርዤ ከላዩ አሥራ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ስርዝ ድልዝ አልወድም፣ ይህን ታውቃለህ፤ ነገር ግን ሁለታችንም ከጎኑ ፈርመንበታል፣ ስለዚህ ሕጋዊ ነው። አንዱን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሃለሁ።

በሄድክበት ሁሉ ፊትህን የሚያበራ፣ እግርህን ከመሰናክል የሚጠብቅ ጌታ ካንተ ጋር ይሁን። ውሃ ጠጣ፤ ከላይኛው አልጋ ስትወርድ ቀስ ብለህ ውረድ።

እናትህ
ሐና ኩማ